ኮከብ የማያይ ኮከብ ቆጣሪ

በአማርኛ ‹‹ኮከብ ቆጣሪ›› ለመባል ኮከብ ማየት አያስፈልግም። የሰውየውን ስምና የእናቱን ስም ትወስዳለህ፣ የፊደላቱን ቁጥር ትደምራለህ፣ በ12 ትገድፋለህ። የሚተርፈው ቁጥር ሐመል ወይ ሠውር፣ ገውዝ ወይ ሸርጣን ይሰጥሃል። ሥራው ቤት ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ዝናብ እየዘነበም ይሠራል። ከዋክብት ሁሉ ዛሬ ማታ ቢጠፉ እንኳ ቆጣሪው ነገ ጠዋት ሥራ አይፈታም። ‹‹ኮከብ ቆጠራ›› ብለን በሰየምነው ነገር ውስጥ የቀረው ነገር ኮከቡ ብቻ ነው።

ልከራከር ነው የመጣሁት። የምከራከረው ከሦስት ዓይነት ሰዎች ጋር ነው። አንደኛው ‹‹ዳቦ በሌለበት አገር ስለ ኮከብ ታወራለህ?›› የሚለው ነው። ሁለተኛው ‹‹ይሄን እኮ አባቶቻችን ድሮ ጨርሰውታል›› የሚለው ነው። ሦስተኛው ‹‹መጀመሪያ ቴሌስኮፑ ይምጣ›› የሚለው ነው። ፌስቡክ ላይም ቴሌግራም ላይም ሦስቱ ሲሰዳደቡ አያለሁ፤ የማይታረቁ ጠላቶች ይመስላሉ። በአንድ ነገር ግን ይስማማሉ፤ አንዳቸውም ማታ ወጥተው ቀና አይሉም።

የእኔ ክርክር አጭር ነው። ከወልዲያ፣ ከመርሳ፣ ከሐብሩ ገጠር የሚታይ፣ አንዴ የሚደምቅ አንዴ የሚጠፋ ግዙፍ ኮከብ አለ። ይህ ኮከብ መዝጋቢ ይፈልጋል። መዝገቡን ለመያዝ ደብተር፣ እርሳስና ትዕግሥት ይበቃል። ዛሬ ማታ መጀመር ይቻላል፤ ካልጀመርነው ሰበቡን ድህነት ላይ አንለጥፍ።

ኮከቧ ሚራ ትባላለች። በላቲን ‹‹አስደናቂዋ›› እንደማለት ነው፤ ስሙን በ1662 እ.ኤ.አ. ያወጣላት ዮሐንስ ሄቬሊዩስ የተባለ የዳንዚግ ሰው ነው። ከእኛ 300 የብርሃን ዓመት ገደማ ትርቃለች። ከድምቀት ወደ ድምቀት ለመመለስ በአማካይ 332 ቀን ይፈጅባታል። በደመቀች ጊዜ ከተማ ውስጥ ሆኖም ያገኛታል ሰው፤ በደበዘዘች ጊዜ ጥሩ ባይናኩላርና ጥሩ ጨለማ ከሌለ አትገኝም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ዓይናችን ጋ የሚደርሰው ብርሃኗ በመቶዎች እጥፍ ይለያያል። ደግሞም ሁልጊዜ እኩል አትደምቅም። አንዱ ዓመት ላይ ከሰሜን ኮከብ ጋር ትፎካከራለች፣ ሌላው ዓመት ላይ ለወጉ ያህል ብልጭ ብላ ትመለሳለች። መዝጋቢ የምትፈልገውም ለዚህ ነው። ሒሳቧ በግምት ይታወቃል፤ የዘንድሮው ድምቀቷ ግን ካልታየ አይታወቅም።

ለምን ትለዋወጣለች? አርጅታለች። በመሐሏ የነበረውን ሃይድሮጅን ጨርሳ ተነፍታለች፤ በፀሐያችን ቦታ ብትቀመጥ ምድርን ከነምሕዋሯ ትውጣለች። ያ የተነፋ ገላ እንደ አንጥረኛ ወናፍ ይሰፋል፣ ይኮማተራል። ሲቀዘቅዝ በከባቢዋ ቲታኒየም ኦክሳይድን የመሰሉ ሞለኪውሎች ይበዛሉና ለዓይን የሚሆነውን ብርሃን ይጋርዱታል። ስለዚህ ‹‹ጠፋች›› ስንል እሷ አልጠፋችም፤ አብዛኛውን ጉልበቷን በኢንፍራሬድ፣ ማለትም ዓይናችን በማይቀበለው ብርሃን ነው የምትሰደው።

ብቻዋንም አይደለችም። አጠገቧ ነጭ ድንክ የሚባል ኮከብ አለ፤ ስፋቱ ከምድር፣ ክብደቱ ግን ከፀሐይ ጋር የሚነጻጸር፣ ሞቶ የቀረ ፍም። በ1923 እ.ኤ.አ. ሮበርት አይትከን በካሊፎርኒያው ሊክ ኦብዘርቫቶሪ እስኪያየው ድረስ ሰው ሲያያት የኖረው አንድ ኮከብ ብሎ ነበር። ሁለቱ አንዱ ሌላውን የሚዞሩበት ጊዜ 500 ዓመት ገደማ እንደሆነ ይገመታል። ግዙፏ ገላዋን በነፋስ መልክ ትበትናለች፣ ድንኩ ከዚያ ላይ እየቃረመ ይኖራል። በ2007 እ.ኤ.አ. ጋሌክስ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ከኋላዋ 13 የብርሃን ዓመት የሚረዝም ጭራ አገኘ፤ በ30 ሺህ ዓመት ውስጥ የበተነችው ነው። የእኛም ፀሐይ ከቢሊዮኖች ዓመታት በኋላ መጀመሪያ እንደ ግዙፏ፣ ቀጥላ እንደ ድንኩ ትሆናለች። አንድ ቦታ ላይ እርጅናም ሞትም ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ይህ ሁሉ ከመርሳ አናት በላይ በየዓመቱ ያልፋል።

አሁን አንድ የገጠር ቄስ ላስተዋውቃችሁ። ዴቪድ ፋብሪሲየስ ይባላል፤ በሰሜን ጀርመን ጠረፍ፣ ኦስትፍሪስላንድ በሚባል አገር የአጥቢያ ሰባኪ ነበር። በነሐሴ 1596 እ.ኤ.አ. ሌላ ነገር ሲለካ ይህችን ኮከብ አየ፤ ደመቀች፣ ከዚያ ደበዘዘች፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ጠፋች። ጊዜው በእኛ የአፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን ነው። ቴሌስኮፕ የሚባል ነገር ገና አልተሠራም ነበር። ዩኒቨርሲቲ አልቀጠረውም፣ ንጉሥ አልላከውም። ዓይንና ብዕር ነበረው። ኮከብ በየጊዜው የሚለዋወጥ መሆኑን ዓለም ያወቀው ከዚህ ሰው ማስታወሻ ተነስቶ ነው።

ታሪኩ ግን ሁለተኛ ክፍል አለው፤ ለእኔ የሚበልጠው እሱ ነው። ፋብሪሲየስ አንዴ ብልጭ ብላ የከሰመች ኮከብ መስላው ተዋት። በ1609 እ.ኤ.አ. ድንገት ደግሞ አያት። ኮከቧ በ11 ወር ገደማ እየተመላለሰች እንደሆነ የታወቀው ግን ሆልዋርዳ የተባለ ሆላንዳዊ ከ1638 ጀምሮ ሲከታተላት ነው። ማየትና መዝግቦ መከታተል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ በመካከላቸው 42 ዓመት አለፈ። በእኛ አገር ማየት አልጎደለም። ከብት ሲጠብቅ ያደረ፣ አውድማ ላይ የተኛ፣ ለማኅሌት በሌሊት የተነሳ፣ ለሱሑር የነቃ ሁሉ ሰማይ አይቷል። ያነሰን መዝገቡ ነው።

እንግዲህ ወደ ጠቤ ልመለስ። ‹‹ቴሌስኮፑ ይምጣ›› ከሚለው ልጀምር፤ እሱ ከሦስቱ ጨዋው ነው።

ቴሌስኮፕ አለን። እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። በ1996 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ብዙ ደክሞበታል፤ ገንዘቡን የሰጡት ሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ናቸው። ለወልዲያ ልጅ ይህ ስም እንግዳ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 25 ሺህ ሰው ገደማ የሚይዘው የወልዲያ ስታዲየም በእሳቸው ስም ይጠራል። እንጦጦ ቴሌስኮፕ ደረሰው፣ እኛ ስታዲየም ደረሰን። ኳስ እወዳለሁ፣ በስታዲየሙም እኮራለሁ። ግን እንጦጦ ሥሩ አዲስ አበባ ናት፤ መብራቷ ሌሊቱን ያነጋዋል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ተራራው ደመና ይለብሳል። ለዚህ ነው ባለሙያዎቹ ራሳቸው ለሚቀጥለው ትልቅ ኦብዘርቫቶሪ ወደ ላሊበላ ተራሮች፣ ማለትም ወደ እኛው ወደ ሰሜን ወሎ፣ ዓይናቸውን የጣሉት። ሰማያችን መልካም መሆኑን የመሰከሩት የሙያው ሰዎች ናቸው፤ እኛ ግን ራሱን ሰማዩን ትተን የሚተከልበትን ቀን እንጠብቃለን።

አሁን ነገሩን ልብ በሉት። ሚራን ለመከታተል ትልቅ ቴሌስኮፕ አይጠቅምም ብቻ ሳይሆን አንዳንዴ ያስቸግራል። ደብዛዛ ነገር ለማየት የተሠራ ግዙፍ መሣሪያ ደማቅ ኮከብ ሲገባበት ይጥለቀለቃል፣ ልኬቱ ይበላሻል። የደማቅ ተለዋዋጭ ከዋክብት ታሪክ ከመቶ ዓመት በላይ የተጻፈው በአብዛኛው በአማተሮች ነው፤ በመምህራን፣ በሐኪሞች፣ በገበሬዎች፣ በጡረተኞች። በ1911 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የአሜሪካ የተለዋዋጭ ከዋክብት ተመልካቾች ማኅበር እስከ ዛሬ ከማንኛውም አገር፣ ከማንኛውም ሰው ልኬት ይቀበላል። ባለሙያው በትልቅ መሣሪያ ሊያጠና ሲነሳ ‹‹ኮከቧ አሁን የት ደርሳለች?›› ብሎ የሚያየው ይህንን መዝገብ ነው። ቴሌስኮፑ እስኪመጣ አንጠብቅ። ነገ ላሊበላ ላይ ቢተከል እንኳ ሰማዩን የማያውቅ ወጣት ኦብዘርቫቶሪው ውስጥ የሚያገኘው ሥራ የጥበቃ ይሆናል።

በሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ፀሐይ የቀለበት ቅርጽ ይዛ ስትታይ ምን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ? ሰው ሁሉ ወጣ፣ ፎቶው ዓለምን ዞረ፣ በማግሥቱ አለቀ። ያን ቀን ትኩረት አልጠፋም። የሰኔ 15 ሥራ ግን አልነበረንም። ሚራ በየቀኑ ሰኔ 15 ናት፤ ምንም ግርግር የላትም፣ ያለማቋረጥ መመለስን ብቻ ትጠይቃለች።

ወደ ዳቦው ልሂድ። ይህን ክርክር በቀላሉ አላልፈውም፤ እውነት ስላለበት። ሰሜን ወሎ የድርቅን ስም የማይረሳ አገር ነው፤ ቁርስ ያልበላን ልጅ ‹‹ቀና በል›› ማለት ስድብ ሊሆን ይችላል። ግን ክርክሩን የሚያነሳው ማነው? ብዙ ጊዜ የራበው ሰው አይደለም። በታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይና ስትመጥቅ ‹‹የቅንጦት›› ያለውም፣ ‹‹ታላቅነታችን ተመለሰ›› ያለውም ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ነበር የተሟገተው። በዚያው ወር እኮ ሰማይ ላይ ሌላ ነገር እየሆነ ነበር። በኦሪዮን ትከሻ ላይ ያለው ቀዩ ቤቴልጉዝ እየደበዘዘ ነበር። እስከ የካቲት 2012 ድረስ ከተለመደው ብርሃኑ ከግማሽ በላይ አጣ። ከመርሳ አስፋልት ላይ ቆሞ፣ ምንም መሣሪያ ሳይዝ፣ ማንም ሊያየው ይችል ነበር። በኋላ ሲጠና ከገላው የተተፋ አቧራ ፊቱን ጋርዶት ኖሯል። በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ እሱም እንደ ሚራ ጓደኛ እንዳለው፣ በግዙፉ ብርሃን የተሸፈነ ትንሽ ኮከብ እንዳለ፣ በሃዋይ ባለው ጀሚናይ ኖርዝ ቴሌስኮፕ ተነሳ። እኛ በሳተላይቷ ዋጋ ስንጨቃጨቅ፣ በነፃ የተሰጠን ትርዒት አናታችን ላይ ነበር።

ደግሞስ ዳቦውን የሚያመጣው ምን ሆነና? ከመርሳ ወደ ወልዲያ ስትወጡ ሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከልን ታገኛላችሁ። እዚያ የሚሠራው ሥራ ለተመልካች አሰልቺ ነው። የዘነበው በሚሊሜትር ይጻፋል፣ ማሽላው ያበበበት ቀን ይጻፋል፣ በሽታ የያዘው ዛላ ይቆጠራል፤ ነገም እንደገና። ድርቅ የሚቋቋም ዝርያ የሚወለደው ከዚህ ከማይቋረጥ ጽሑፍ ነው። አንድን ነገር በራስ ዓይን ማየት፣ ያዩትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ መጻፍ፣ ነገም መመለስ፣ ከጎረቤት ጋር ሲለያይ ‹‹ማን ተሳሳተ?›› ብሎ መፈተሽ፤ ይህ ችሎታ ለዝናብ መለኪያም ለኮከብም አንድ ነው። የ14 ዓመት ልጅ ችሎታውን በማሽላ ለመማር መሬትና ዘመን ይፈልጋል። በሚራ ለመማር ጓሮ ይበቃዋል። ዳቦውን እፈልጋለሁ የሚል ሰው ይህን ልጅ ‹‹ጠግበሃል›› ብሎ አያባርረውም።

የመጨረሻው ክርክሬ በጣም ከምወዳቸው ሰዎች ጋር ነው፤ ‹‹አባቶቻችን›› ከሚሉት ጋር። በእርግጥም አባቶቻችን ትልቅ ነገር አቆይተውልናል። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው፤ ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ያለው ክፍል ስለ ፀሐይ መውጫና መግቢያ በሮች፣ ስለ ጨረቃ መሙላትና መጉደል የሚናገር የሰማይ መጽሐፍ ነው። ባሕረ ሐሳብ ደግሞ ቀልድ አይደለም፤ የ19 ዓመቱን የጨረቃና የፀሐይ ዑደት ይዞ ፋሲካን በቃል የሚያወጣ ሒሳብ ነው። ነገር ግን እነዚህን መጻሕፍት የምንጠቅሰው ለምንድነው? ‹‹ናሳ ሳይኖር እኛ ነበርን›› ለማለት። ሄኖክ ውስጥ የከዋክብት አለቆች ከሥርዓታቸው ሲወጡ የሚያስፈራ የክፉ ዘመን ምልክት ነው። ሚራ በየ11 ወሩ ከሥርዓት የወጣች ትመስላለች፣ ተመልሳም ትገባለች። ከዚህ የሚያምር ጥያቄ ለአንድ የአብነት ተማሪ የት ይገኛል? ጥያቄው የሚመጣው ግን ኮከቧን ካያት ነው። አባቶቻችን ሰማዩን አይተው ጻፉ። እኛ የጻፉትን እየጠቀስን ሰማዩን ተውነው። ይህን ‹‹ውርስ ጠባቂነት›› ማለት ይከብደኛል።

ከዚህ ሁሉ የሚገርመኝ የራሳችን አገር፣ የወሎ፣ ሀብት ነው። በሐብሩ መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ በአንድ ሰፈር ይኖራሉ። አንዱ ጎረቤት በዓሉን በባሕረ ሐሳብ ቀመር ያወጣል፤ ሌላው ጎረቤት የረመዳንና የሸዋል ጨረቃ መታየቷን በምስክር ያረጋግጣል። ‹‹አይቻለሁ›› የሚል ሰው ይቆማል፣ የት፣ መቼ፣ እንዴት ብሎ ይጠየቃል፣ ቃሉ ይመዘናል። አንዱ ቤት ሒሳብ አለ፣ አንዱ ቤት የዓይን ምስክርነት አለ። ሳይንስ ከእነዚህ ከሁለቱ ውጪ ምን አለው? የሚራን ጠባይም ለማስረዳት መርሳ ላይ ብዙ ማብራራት አያስፈልግም። ረመዳን በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ወደፊት እየቀደመ እንደሚመጣ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ሚራ በ33 ቀን ትቀድማለች። ዘንድሮ በታኅሣሥ ከደመቀች ለከርሞ ኅዳር አካባቢ ጠብቋት።

አንድ ነገር ደግሞ ከግሪኮች ተረት ልጨምር። ሚራ ያለችው ሴተስ በሚባለው የባሕር አውሬ ገላ ላይ ነው። ተረቱ እንደሚለው አውሬው የተላከው የኢትዮጵያን ንጉሥ የሴፌዎስን ልጅ አንድሮሜዳን ሊበላ ነው። የእነሱ ‹‹ኢትዮጵያ›› የዛሬዋን ካርታ አይገልጽም፤ ይሁን። ግን እንደዚያም ሆኖ ንጉሡም፣ ንግሥቲቱ ካሲዮፔያም፣ ልጅቱም፣ አውሬውም በኅዳር ማታ ከወልዲያ ሰማይ ላይ አብረው ይታያሉ። በስማችን የተጠራውን ሰማይ ሌላ ሰው ያነበዋል፤ እኛ ስንጠየቅ ስማችን እዚያ እንዳለ እንኳ አናውቅም።

ከዳቦውም ከክብሩም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። የእኔ ትውልድ ከሰማይ ጋር ያለው ዝምድና ተበላሽቷል። በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ወልዲያ ገባ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 መብራት የሌለባቸው፣ ስልክ የማይሠራባቸው ወራት አለፉ። ሌሊቱ በዚያን ሰሞን እንደ ጥንቱ ጨለማ ነበር፣ ኮከቡ እንደ ጤፍ ተበትኖ ነበር፣ ግን ማን ሊያየው! ከዚያ ወዲህም ብዙዎቻችን ወደ ላይ የምናንጋጥጠው ድምፅ ስንሰማ ነው። ‹‹ድሮን ነው? አውሮፕላን ነው?›› ብሎ ሰማይን ማንበብ የተማረ ልጅ አለን። ከሐብሩ ቀበሌዎች ተነስቶ በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ የሚጓዘው ወንድማችን ደግሞ በረሃውን የሚያቋርጠው በሌሊት ነው፤ እነዚያኑ ከዋክብት ያያል፣ ግን ለመሸሽ። ሌሊት የፍርሃትና የመሰደጃ ሰዓት ሆኖ እንዲቀር አልፈልግም። አንድ ልጅ ‹‹ትናንት ማታ ከዴልታ ትንሽ ደምቃ ነበር›› ብሎ ሲጽፍ ሌሊቱን ለራሱ ያስመልሳል። ትንሽ ነገር ናት። ከእኛ ሊወስዷት ግን ይከብዳቸዋል።

ስለዚህ እንዴት ይጀመራል?

በታኅሣሥ መጀመሪያ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ፣ ጨረቃ በሌለችበት ማታ፣ ከግቢያችሁ ሳትወጡ ቀና በሉ። ጊዜው አስተማማኝ ካልሆነ ጓሮ ይበቃል፤ ጀግንነት አያስፈልግም። ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱና ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ 15 ደቂቃ ታገሡ። እንደ ወይን ዘለላ የተጠጋጉትን ሰባቱን ከዋክብት ፈልጉ። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ከእነሱ ወደ ደቡብ ምዕራብ አንድ ስንዝር ስትለኩ መንካር የሚባል መካከለኛ ድምቀት ያለው ኮከብ አለ። ከመንካር ወደ ምዕራብ፣ ትንሽ ወደ ደቡብ ዘንበል አድርጋችሁ፣ ከአንድ ጡጫ ጥቂት የሚበልጥ ርቀት ሂዱ። መንገድ ላይ ሁለት ኮከቦች ታልፋላችሁ፤ ጋማና ዴልታ ይባላሉ። ከዴልታ አለፍ ብሎ ያለው ቦታ የሚራ ነው። በዚያ ሰዓት ከአናታችሁ ብዙም አትርቅም፤ ሰሜን አውሮፓ ያለ ተመልካች በክረምት ደመና ውስጥ ወደ አድማስ ዝቅ ብሎ የሚፈልጋትን፣ እናንተ በበጋው ጥርት ባለ ሰማይ አንገታችሁን ቀና አድርጋችሁ ታገኟታላችሁ።

ቦታው ባዶ ከሆነ ‹‹አልታየችም›› ብላችሁ ጻፉ። ይህም ልኬት ነው፤ እንዲያውም የሰነፍን መዝገብ ከትጉህ መዝገብ የሚለየው ይሄ ነው። ከታየች አወዳድሩ። የድምቀት ደረጃ ቁጥሩ ሲያንስ ኮከቡ ይደምቃል፤ መንካር 2.5፣ ጋማ 3.5፣ ዴልታ 4.1 ነው። ከጋማ ደብዝዛ ከዴልታ ከደመቀች 3.8 ገደማ በሉ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቁጥሩን፣ የሰማዩን ሁኔታ ጻፉ። ጓደኛችሁ የጻፈውን ሳታዩ ጻፉ፤ ከዚያ አወዳድሩ። በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል። በሚያዝያ አካባቢ ፀሐይ ትሸፍናታለች፤ ያን ጊዜ ዕረፉ። በቂ ገጽ ሲሞላ ቁጥሩን ወደ ዓለም አቀፉ መዝገብ በስልክ መላክ ይቻላል፤ ክፍያ የለውም።

የማን ሥራ ነው? በወልዲያና በመርሳ ያሉ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሳይንስ ክበባት ሥራ ነው፤ ለሥዕል ኤግዚቢሽን ብቻ የሚሰበሰቡት። የዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ ተማሪዎች ሥራ ነው። ከሁሉ በላይ ግን አንድ የተረሳ ባለሙያ አለን፤ ማሽላ ጠባቂው። እኔም ልጅ ሆኜ ጠብቄያለሁ። ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ እሸቱ ጠንክሮ እስኪታጨድ፣ ጃርትና ከርከሮ እንዳይገባ በጊራና ሜዳ ማማ ላይ የሚያድር ሰው አለ። ሚራ በምሥራቅ የምትወጣው በእነዚያው ወራት ምሽት ነው። ከፍ ያለ፣ ከመብራት የራቀ፣ ዙሪያው የተገለጠ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሰው ያለበት ቦታ፤ የእንጦጦ መሐንዲሶች ኦብዘርቫቶሪ ለመትከል የፈለጉት ይህንኑ ነው። እኛ በየማሳው አለን። ጎድሎ የቆየው ደብተር ብቻ ነው፤ ደብተር ደግሞ ወልዲያ ገበያም መርሳ ገበያም ሞልቷል።

ለሦስቱ ባላጋራዎቼ የመጨረሻ ቃሌ ይኸው። ዳቦ ይቅደም የምትለው ወንድሜ፣ ከፊትህ የሚሰለፍ የለም፤ ደብተሩ ከዳቦህ ሳንቲም አይቀንስም። አባቶቻችን የምትለው እህቴ፣ አባቶችሽ ያዩትን እይ፣ ከዚያ እነሱ ያልጻፉትን ጨምሪበት። ቴሌስኮፕ የምትጠብቀው ጓደኛዬ፣ እስኪመጣ ድረስ ሁለት ዓይን አለህ፤ ፋብሪሲየስም ከዚያ በላይ አልነበረውም። ሚራ የእኛን ክርክር አትጠብቅም። በ332 ቀን ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። በሚቀጥለው ስትደምቅ ከመርሳ አንድ መስመር፣ ከወልዲያ አንድ መስመር፣ ከጊራና ማማ አንድ መስመር ተጽፎ ባይ፣ ‹‹ኮከብ ቆጣሪ›› የሚለው ቃል በአማርኛ ትክክለኛ ትርጉሙን አገኘ እላለሁ።